አባቴ፣ ጫካውና ተጨማሪው ሳጥን

አባቴ እንጅባራ ወደተከራየሁት ክፍል የመጡት ዛፎቻቸው ካለቁ በኋላ ነው። "ለጥየቃ ነው" ብለው መጡ፤ ለጥየቃ የሚመጣ ሰው ግን መጥረቢያውንና የጸሎት መጽሐፉን በጋቢ ጠቅልሎ አይመጣም። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ከእኔ ሌላ ልጅም የላቸውም። ከአልጋዬ ትይዩ ፍራሽ አነጠፍኩላቸው። በማግስቱ ቁርስ አቅርቤላቸው ሳይነኩት፣ "መስቀልን ልዋልና ቆላ እወርዳለሁ" አሉኝ።

ቆላ ማለት ከጫግኒ ወዲያ ያለው ሙቅ አገር ነው። እርሻ አለ፤ አራሚና ጠባቂ ይቀጥራሉ። ወባም አለ፤ መንገዱም ሰላም የለውም። ከሰፈራችን ብዙ ጎልማሳ ወርዷል፤ ከፊሉ እስከ ዛሬ ድምፁ አልተሰማም። አባቴ ደግሞ ስድሳን ያለፉ፣ ከተቀመጡበት ሲነሡ ጉልበታቸው የሚንቋቋ ሰው ናቸው።

"በዚህ ዕድሜዎ አረም ሊያርሙ ነው?" አልኳቸው።

"እዚህ ተቀምጬስ ምን ልሠራ?"

መልስ ሳጣ እቆጣለሁ፤ ከልጅነቴ የያዘኝ አመል ነው። ሳህኑን አንሥቼ ወደ ደጅ ወጣሁና የቤት አከራዬን ዶሮዎች ያለ ጥፋታቸው አባረርኳቸው።

በእኛ አገር ዛፍ ከተባለ ዲከረንስ የምንለው ግራር ነው። ችግኙ በተተከለ በጥቂት ዓመት ይደርሳል። ይቆረጥና እዚያው ማሳው ላይ ተቆልሎ፣ በሣርና በአፈር ታፍኖ ይከስላል። ከሰሉ በመኪና ከተጫነ በኋላ በተቃጠለው መሬት ላይ ጤፍ ይዘራል፤ በጤፉ መሃል ደግሞ እንደገና ችግኝ ይተከላል። እኔ የተማርኩት በዚህ ነው። የሰፈራችን ቆርቆሮ ቤት ሁሉ የተሠራው በዚህ ነው። አባቴ ደግሞ ችግኝ የሚያፈሉ ሰው ነበሩ። ወንዝ ዳር መደብ ነበራቸው፤ ከእሳቸው ችግኝ ያልወሰደ ጎረቤት አልነበረም። ባዶ መሬት ማየት አይወዱም። የአጥር ጥግ፣ የመንገድ ዳር፣ የገደል አፋፍ ባዶውን ካዩ፣ "ይኼን ለማን ብላችሁ ነው የተዋችሁት?" ብለው በባለቤቱ ላይ ያሾፋሉ። በእኛና በማዶው ቀበሌ መካከል ከብት የሚውልበት ጠባብ የሣር መሬት ነበር። በመጨረሻ እሱም በአባቴ ችግኝ ተሞላ። ከዚያ በኋላ ከእኛ ደጅ እስከ ማዶው ተራራ ድረስ አንድ ዛፍ ብቻ ነበር የሚታየው፤ ሰው ሁሉ በዚያ ይኮራ ነበር።

በሽታው የጀመረው ከማዶ ነው። ቅጠሉ መጀመሪያ ብርቱካንማ ነጠብጣብ አወጣ፤ ቀጥሎ ዛፉ ከጫፉ ጀምሮ እሳት የለበለበው መሰለ። የግብርና ባለሙያ መጥቶ ቅጠል ቆረጠና በፌስታል ይዞ ሄደ። ምህላ ተያዘ። ሰዉ በየማሳው ጠበል ረጨ፤ አባቴም በየመደቡ እየዞሩ ረጩ። አንዱም አልተረፈም። "የእግዜር ቁጣ ነው" ተባለ። እኔ ይህን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል፤ አስተማሪ ነኝ፣ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፣ ለነገር ሁሉ ምክንያት እፈልጋለሁ። አባቴ ግን በዚያ ቃል ተደግፈው ነበር የቆሙት። ይህ የገባኝ በኋላ ነው።

በግቢያችን ውስጥ አንድ የሒሳብ መምህር ነበር፤ አዲስ አበባ ያደገ፣ ብርድ የማይችል፣ በሐምሌ ሁለት ካልሲ ደርቦ የሚተኛ ልጅ። ይህ ልጅ ከሻንጣው ሁሉ አስበልጦ የሚሳሳለት የፈረንጅ ጨዋታ ነበረው። ሰሌዳው ሲዘረጋ ጫካ ነው። ጫካው በቀጫጭን መንገዶች በተያያዙ ቦታዎች ተከፋፍሏል። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አውሬ ይሆንና በየተራው ትንንሽ የእንጨት ዛፍ እየተከለ ቦታ ይይዛል። በመጨረሻ ሳይቋረጡ የተያያዙ ብዙ ቦታዎች ያሉት ያሸንፋል። ጉጉት አለ፣ ቀበሮ አለ፣ ጃርት አለ፤ አንድ ደግሞ ጅራቱ ጠፍጣፋ የሆነ፣ እንጨት በጥርሱ የሚቆርጥ የፈረንጅ አገር እንስሳ አለ።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ አራተኛ ሰው ጠፋና አባቴን ለመንናቸው። አባቴ ጠፍጣፋውን እንስሳ በጣታቸው አገላብጠው አዩት።

"ይኼ በጥርሱ ነው የሚቆርጥ?"

"አዎ አባባ።"

"ግሩም ነው። መጥረቢያ አይገዛ፣ መጥረቢያ አይስል! እኔ ይኼን እሆናለሁ።"

በአገውኛ ስም አወጡለትና ሁላችንንም ድል አደረጉን። በሳምንቱም ደገሙት። ሌሎቻችን እዚህም እዚያም ስንበታተን እሳቸው ከአንዱ ቦታ ወደሚቀጥለው እያያያዙ፣ አንዲት ክፍተት ሳይተዉ ይሞላሉ። የሒሳብ መምህሩ ራሱን ይዞ ያሰላል፤ እሳቸው ይተክላሉ። "እንዴ መምህር! ይቺን ለማን ብለህ ነው የተውካት?" ይሉታል። የቤት አከራዬ ጃርት ሆና ትጫወት ነበር፤ ስትሸነፍ ሁሉንም ሌባ ትላለች። አባቴ እየሳቁ ምሳቸውን መጨረስ ጀመሩ። ስለ ቆላ አያነሡም። እኔም አላነሣም። ሰሌዳው ተዘርግቶ እስካለ ድረስ አይሄዱም ብዬ በልቤ ተዋዋልኩ።

ክረምቱ ሲገፋ ትምህርት ቤት ተዘጋና የሒሳብ መምህሩ አዲስ አበባ ሄደ። ሳጥኑን ለአባቴ ትቶላቸው ነው የሄደው፤ "ነፍስ ይማር ማለት ብቻ ቀረሽ" ብሎ እስኪቀልድብኝ ድረስ አመሰገንኩት። የቤት አከራዬም የወለደች ልጇን ልታርስ ዳንግላ ወረደች። ሁለት ቀረን። ጨዋታው ደግሞ ከሦስት ሰው በታች አይሆንም። እኔ በሁለት አውሬ ልጫወት ሞከርኩ፤ አባቴ ጥቂት ታገሡኝና፣ "አንቺው ከሳሽ፣ አንቺው ዳኛ" ብለው ዛፎቻቸውን ወደ ሳጥኑ መለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጠዋት ጠዋት ደጅ ተቀምጠው መጥረቢያቸውን ይስላሉ። የሳሉትን መልሰው ይስላሉ። ድምፁን እየሰማሁ አልጋዬ ላይ አለቅስ ነበር።

ኔትወርክ በተገኘ ቀን ወደ አዲስ አበባ ደወልኩ። የሒሳብ መምህሩ ሳልጨርስ ገባው።

"ማስፋፊያ አለው" አለኝ። "ሌላ ሳጥን ነው፣ በዋናው ላይ የሚጨመር። ወንዝ ይጨምራል፣ ጀልባ ይጨምራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም የማይጫወተው አንድ ወገን ይጨምራል። ካርታ ስትስቢ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ለሁለት ሰው ይሆናል።"

"ላክልኝ" አልኩት። ምን ዓይነት ወገን እንደሆነ አልጠየቅኩም። በዚያ ሰዓት ሰይጣን ነው ቢለኝም ላክልኝ እለው ነበር።

በሰው እጅ ላከው። መንገድ ተዘጋና ሳጥኑ ዳንግላ አንድ ሾፌር ቤት ቀረ። መስቀል እየቀረበ ነው፤ አባቴ ጫማቸውን አሰፉ። መንገዱ ለአጭር ጊዜ ተከፈተ ሲባል በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። ስመለስ ፍተሻ ላይ አንድ ወጣት ሳጥኑን ከፍቶ ውስጡን በጣቱ በተነው።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"የልጅ ጨዋታ ነው።"

"ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው?"

"ስድሳን አልፏል።"

አልሳቀም። ሳጥኑን ሲመልስልኝ የበተነውን ዕቃ ከሚኒባሱ ወለል ላይ ለቅሜ ነው የመለስኩት።

ቤት ገብቼ መመሪያውን በደንብ ሳነበው ነው የደነገጥኩት። ማንም የማይጫወተው ወገን አውሬ አልነበረም። ሻጋታ ነው። ዛፍ የሚያደርቅ ሻጋታ። ምልክቶቹ ክብ ክብ እንጨት ሆነው ብርቱካንማ ቀለም ተቀብተዋል። ካርታ በተሳበ ቁጥር ዛፍ ካለበት ቦታ ከእሱ ጋር ወደተያያዘ ሌላ ዛፍ ያለበት ቦታ ይሻገራል፤ የደረሰበትን ዛፍ ሁሉ ከሰሌዳው ያነሣል። ሳጥኑን ከአልጋዬ ሥር ልደብቀው ስል አባቴ ከጀርባዬ ቆመው አየኋቸው። አንዱን ብርቱካንማ ምልክት ከእጄ ወሰዱ።

"ቀለሙን በትክክል አውቀውታል" አሉ። "ዘርጊው።"

"አባባ፣ ይቅር።"

"ዘርጊው አልኩሽ።"

ዘረጋሁት። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ያለ ክፍተት ተከሉ፤ ሻጋታው በሦስት ካርታ ከዳር እስከ ዳር ጨረሳቸው። በድሮው ጨዋታ ለድል የሚያበቃው አተካከል በዚህኛው ቀድሞ የሚያስጨርስ ነበር። ደጋግመን ተጫወትን፤ ደጋግመው አለቁ። ግን ግድግዳውን ትተው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ እኔ ሞኝም እሱን አይቼ ተደሰትኩ።

"ይኼን ማን ነው የሚያጫውተው?" ብለው ጠየቁኝ አንድ ቀን።

"ማንም አባባ። ካርታው ነው።"

"መድኃኒቱስ?"

መመሪያውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። መድኃኒት አልነበረውም። አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሻጋታው ዛፍ የሌለበትን ቦታ አይሻገርም። አባቴ ይህን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ ዛፍ መቁረጥ የሚፈቀድለትን የጠፍጣፋውን እንስሳ ተራ ጠብቀው በገዛ እጃቸው የተከሏቸውን ዛፎች ከመሃል አንሥተው ባዶ ተዉት። ሻጋታው ባዶው ጋ ደርሶ ቆመ። ካርታ ሳብኩ፤ አልተሻገረም። ሌላም ሳብኩ፤ ከባዶው ወዲህ ያሉት ዛፎቻቸው እንደቆሙ ጨዋታው አለቀ።

አጨበጨብኩ። ብድግ ብዬ ራሳቸውን ሳምኳቸው። እሳቸው ግን ጣታቸውን ባዶው ቦታ ላይ አድርገው አላነሡም።

"ይቺ የማዶዋ ሣር ናት" አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ፣ በችግኛቸው የሞሏትን የከብት መዋያ ማለታቸው ነበር።

"ጨዋታ ነው አባባ! ይኼን የሠራው ፈረንጅ እንጅባራ በየት በኩል እንዳለች አያውቅም። የእኛው በሽታ በነፋስ ነው የሚሄደው፤ ሣር ቢኖር ባይኖር አያቆመውም።"

"በነፋስ መሆኑን ማን ነገረሽ?"

"ሰው ይላል።"

"ያኔስ ለምን አላለም?"

ሰው ምን እንደሚል በእርግጥ አላውቅም ነበር። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ እንጂ የዛፍ ሐኪም አይደለሁም። ግን ማልኩላቸው፤ ጮህኩባቸው፤ ምልክቶቹን ጠርጌ ወደ ሳጥኑ ከተትኩ። አባቴ በዝግታ ነበር የሚናገሩት።

"እስከ ዛሬ የእግዜር ነው ስል ነበር። የእግዜር ከሆነ እሱ ያውቃል። የእኔ ከሆነ ግን ይቅር የሚሉኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። ሳልነግራቸው እንዴት አድርገው ይቅር ይሉኛል?"

ከመስቀል በፊት ባለው እሑድ ወደ ቀያችን ሄዱ። ባጃጅ እስከሚደርስበት በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። እኔም ተከተልኳቸው፤ መንገዱን ሙሉ እየለመንኩ፣ እየተሳደብኩ፣ መልሼ እየለመንኩ ነበር የሄድኩት። ቅዳሴ አልቆ የሰንበቴው ማኅበርተኞች በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰብስበዋል። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ጸሎት ከተደረገ በኋላ አባቴ ተነሥተው ቆሙ። በአገውኛ ነው የተናገሩት። በሽታው የተሻገረው በማዶዋ ሣር ላይ በተተከለው ችግኝ ነው፣ ችግኙ የእኔ ነው፣ ትከሉት ያልኳችሁ እኔ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ አሉ።

"ማን ነገረህ?" አሉ የሰንበቴው መሪ፣ ሙሴው።

"የልጄ ጨዋታ።"

ሳቅ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። በሕይወቴ ሳቅን እንደዚያች ደቂቃ ተመኝቼ አላውቅም። አንድ ሰው ቢስቅ፣ አንድ ሰው "አይ አንተ፣ ጃጅተሃል" ቢላቸው አብሬ ስቄ እጃቸውን ይዤ እመለስ ነበር። ማንም አልሳቀም። ሙሴው ጥቂት አስበው፣ "ተቀመጥ ወንድሜ። ሁላችንም ተክለናል" አሉ። ተመስገን ልል አፌን ስከፍት አንዲት ሴት ከኋላ ተነሣች። ልጇ ዛፉ ካለቀ በኋላ ቆላ ወርዶ የጠፋባት እናት ናት።

"ሁላችንም የተከልነው እሱ ባዶ አትተዉ እያለ ስላሾፈብን ነው" አለች። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። "ልጄን ቆላ የሰደድከው አንተ ነሃ!"

ሌላ ሰው አጉረመረመ። ሌላም ጨመረ። ዛፎቻቸው ካለቁ ወዲህ እነዚህ ሰዎች የሚቆጡበት ሰው አጥተው ነበር፤ ቁጣቸውን ወደ ሰማይ ማንሣትም ፈርተው ነበር። አሁን አንድ ሰው ራሱ መጥቶ መሃላቸው ቆመላቸው። እኔ መታገሥ አቃተኝ። "እናንተስ እጅ አልነበራችሁም? ሲያምር ጊዜ ማን ነበር ሲኮራ የነበረው?" ብዬ ጮህኩ። አባቴ፣ "ዝም በይ፣ አንቺን አይመለከትሽም" አሉኝና አንገታቸውን ደፍተው እስኪጨርሱ ሰሟቸው። ዳቦው እጃቸው ላይ ነበር፤ አልበሉትም።

ያን ቀን ከእኔ ጋር አልተመለሱም። መስቀል ሳይታሰብ ደረሰ። ሰው እንደነገረኝ ደመራው ጋ ለብቻቸው ራቅ ብለው ቆመው ነበር፤ ለበዓሉ ሊጠይቃቸው ወደ ቤታቸው የገባ አልነበረም። በማግስቱ ልሰናበታቸው ሄድኩ። ጥሬ ቆልቼ፣ ስንቅ ቋጥሬ፣ የወባ ኪኒን ገዝቼ ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚያን ቀን እንዲሄዱ ፈልጌ ነበር። ከዚያ ዝምታ ወባው ይሻላቸዋል ብዬ ነበር።

ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፊት ለፊታቸው የደረቁ ግንዶች ብቻ ነበሩ። ጎረቤት አንዱ በመንገዱ አለፈ፤ "እንዴት አደርክ" አሉት፤ አልመለሰላቸውም። ስንቁን አጠገባቸው አስቀመጥኩ።

"አባባ፣ ሚኒባሱ እንዳያመልጥዎ" አልኳቸው።

ስንቁን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"አሁን እንዴት አድርጌ ልሂድ?" አሉ። "አሁን ብሄድ ሸሸ ይሉኛል።"

ክረምቱን ሙሉ እግዜርን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ ቆላ እንዳይወርዱ። አልወረዱም።